«ዋንስ» ማለት ስንት ጊዜ ነው?



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ይህ የቤተሰብ ዓምድ ነው፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እዚህ ምን አመጣው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። አትቸኩሉብኝ። ይህች ቃል ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ይልቅ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ፣ በመድኃኒት ካርቶንና በሽሮፕ ጠርሙስ ጀርባ ተጽፋ ትገኛለች። እኛ ልብ ባንላትም እርሷ ስለ ልጆቻችንና ስለ ራሳችን ጤና ትእዛዝ ትሰጣለች። ቃሏ «ዋንስ» ትባላለች።

«ዋንስ» በሰዋስው አጠራር ተውሳከ ግስ ናት። አንድ ድርጊት ስንት ጊዜ እንደ ተፈጸመ ወይም ስንት ጊዜ መፈጸም እንዳለበት ትነግራለች። ትርጓሜዋም «አንድ ጊዜ»፣ በአጭሩ «አንዴ» ማለት ነው። የወጣችውም «ዋን» ከሚለው የአንድ ቁጥር ነው። እንግሊዝኛ ከእርሷ ቀጥሎ ለሁለት ጊዜ «ትዋይስ»፣ ለሦስት ጊዜ ደግሞ «ስራይስ» የሚሉ ቃላት አሉት፤ የመጨረሻይቱ ግን ዛሬ በንግግር እምብዛም አትሰማም። ከዚያ ወዲያ ቃል ያልቅበትና «አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ» እያለ ይቆጥራል። የእኛ አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ እያለ እስከ አሥሬ ይዘልቃል። «አሥሬ አትመላለስብኝ» ስንልም አሥር ቆጥረን ሳይሆን መሰልቸታችንን መግለጣችን ነው።

ይሁን እንጂ «ዋንስ» አንድ ትርጉም ብቻ ያላት ቃል አይደለችም። ተረት ሲጀመር «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» ከተባለ «ከዕለታት አንድ ቀን» ማለት ነው። «አይ ዋንስ ሊቭድ ኢን ሶዶ» ያለ ሰው «ቀድሞ ሶዶ እኖር ነበር» ማለቱ ነው እንጂ ስንት ጊዜ እንደ ኖረ መቁጠሩ አይደለም። «አት ዋንስ» ሲባልም እንደ አገባቡ ወይ «ወዲያውኑ» ወይ «በአንድ ላይ» ይሆናል። የእኛዋ «አንዴ» ብትሆንስ መቼ በአንድ ትርጉም ትረጋለች? «አንዴ ጠብቂኝ» ያለች ጎረቤት ጊዜ መቁጠሯ አይደለም፤ «ጥቂት ታገሺኝ» ማለቷ ነው። «አንዴ ከተነገረ አይመለስም» ስንልም ሌላ መልክ ትይዛለች። እንግዲህ ቃሉን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የገባበትን ስፍራም ማወቅ ያስፈልጋል።

በምኖርባት በዎላይታ ሶዶ ስለዚህች ቃል እንዳስብ ያደረገችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ገበያ ወጥታ ቆጮና ቅቤ እየሸጠች አራት ልጆች የምታሳድግ ብርቱ ሴት ናት። አምስተኛውን ባረገዘች ጊዜ ለክትትል ሄዳ የደም ማነስ እንዳይገጥማት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ተሰጣት። የዕለቱ ተራ ብዙ ስለ ነበረ ባለሙያው ፈጠን ብሎ ነገራትና አሰናበታት። ቤት ስትደርስ የሰማችው ተምታታባት። ስድስተኛ ክፍል የምትማረውን ልጇን ጠርታ «እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አለቻት።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው «ዋንስ ዴይሊ» የሚል ነበር። ልጅቱ «ዋንስ»ን የምታውቃት ከተረት ነው። «ዴይ» ቀን መሆኑንም ተምራለች። ሁለቱን አገጣጠመችና «እማዬ፣ አንድ ቀን ይላል» አለቻት። እናትየዋም አንድ ቀን ዋጠች። የቀረውን በጨርቅ ጠቅልላ ለክፉ ቀን አስቀመጠችው።

ከወር በኋላ ለክትትል ስትመለስ ደሟ ቀንሶ ተገኘ። «ክኒኑን ወስደሻል ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ «አዎን፣ እንደ ታዘዝኩት ወስጃለሁ» ብላ መለሰች። አልዋሸችም፤ እንደ ታዘዘች የገባትን አድርጋለች። በዚያው ሰሞን ቤቴ መጥታ «እትዬ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚዋጠው?» ብላ ጥቅሉን ብትፈታው ከ30ው ክኒን 29ኙ በቦታው ነበር። ደግነቱ ለመውለጃዋ ገና ወራት ቀርተዋት ስለ ነበረ ከዚያን ቀን ጀምራ በየቀኑ አንድ እየዋጠች ቀጠለች፤ በሰላምም ተገላገለች። ነገር ግን ያ ጥቅል ሳይፈታ እስከ ምጥ ቀን ቢቆይስ ኖሮ? ደም የሌላት ሴት በወሊድ ጊዜ ጥቂት ደም ቢፈስሳት እንኳ አደጋው ከሌላዋ ይልቅ የከፋ እንደሚሆን እናውቃለን።

አንባብያን ሆይ፣ «ጥፋቱ የልጅቱ ነው» ብላችሁ እንዳትፈርዱ እለምናለሁ። በዎላይታ ያለ አንድ ቤት ስንት ቋንቋ እንደሚሸከም እንመልከት። ቤት ውስጥ የሚነገረው ዎላይትኛ ነው። ገበያና ቢሮ ላይ አማርኛ ይጨመራል። ትምህርት ቤት ደግሞ ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በዎላይትኛ፣ ከአምስተኛ ክፍል ወዲያ በእንግሊዝኛ ሲሰጡ ቆይተዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ዎላይትኛ ነበር፤ ይጻፍ የነበረውም በፊደላችን ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በላቲን ሆሄያት ይጻፋል። ስለዚህ በዘመቻው ፊደል የቆጠረች አያት የልጅ ልጇን ደብተር፣ በገዛ ቋንቋዋ ተጽፎ ሳለ፣ ማንበብ ይቸግራታል።

የቋንቋ ጉዳይ በዚህ አገር እንደ ዋዛ የሚታይ አለመሆኑን የሶዶ ሕዝብ በሚገባ ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. የዎላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ለተማሪዎች ሲታደል ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ደርሶ ነበር፤ መጽሐፉም ቀረ። ሕዝቡ የጠየቀው ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲማሩ ነው። ታዲያ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ይማር ካልን፣ እናት በሚገባት ቋንቋ መድኃኒቷን ትውሰድ ማለት ከዚህ በምን ያንሳል?

አሁን ወደ ቃሏ እንመለስ። በመድኃኒት ላይ የምትጻፈው «ዋንስ» ብቻዋን ብዙ አትናገርም፤ ትእዛዙን የሚሞላው ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። «ዋንስ ዴይሊ» ከተባለ በየቀኑ አንዴ ነው። «ዋንስ ዊክሊ» ከተባለ በሳምንት አንዴ ነው። «ሲንግል ዶዝ» ከተባለ ደግሞ አንዴ ተወስዶ የሚያበቃ ነው። ሦስቱም በእኛ ቋንቋ «አንዴ» ተብለው ሊነገሩ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2011 ዓ.ም. ገደማ በዎላይታ የተጀመረው የአንጀት ትላትልንና ቢልሃርዚያን የመከላከል ሥራ «ገሺያሮ» ይባላል፤ ስያሜው በዎላይትኛ ንጽሕናን የሚያመለክት ነው። በዚህ ሥራ መድኃኒቱ ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለአዋቂዎችም ሲታደል ቆይቷል። የቢልሃርዚያው ክኒን በሰውየው ቁመት ልክ ተሰፍሮ ይሰጣል። ያን ዕለት የተዋጠው ለዚያ ዙር በቂ ነው፤ በማግሥቱ አይደገምም። እንግዲህ የትሉ ክኒን እንደ ጊፋታ በዓል ነው፤ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል፣ አንዴ ይከበራል፣ ያልፋል። የነፍሰ ጡሯ የብረት ክኒን ግን እንደ ፀሐይ መውጣት ነው፤ አንዴ ነው፣ ግን በየቀኑ ነው። ሁለቱም «አንዴ» ናቸው። አንዲት እናት ሁለቱን አቀያይራ ብትረዳ አንዱን ከልክ በላይ ትወስዳለች፤ ሌላውን ከናካቴው ትተዋለች።

ከሁሉ የሚያስፈራው በሳምንት አንዴ የሚባለው ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባል ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ነገር ግን በየቀኑ እየወሰዱት ለከባድ ጉዳትና ለሞት የተዳረጉ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች ስለ ተገኙ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት በ2011 ዓ.ም. አዲስ የጥንቃቄ መመሪያ አውጥቷል። እዚያ ማንበብ የማይችል ሰው ጥቂት ነው፤ ቃሉም የራሳቸው ነው። ስሕተቱ ግን ተፈጽሟል።

በአሜሪካም እንዲሁ ሐኪሞች «በየቀኑ አንዴ» ለማለት በላቲን ምሕጻረ ቃል ይጽፉ ነበር። ይህ ምሕጻረ ቃል «በቀን አራት ጊዜ» ከሚለው የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። የሆስፒታሎችን ሥራ የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን የተባለው ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ይህ አጻጻፍ እንዲቀር አዘዘ። የአንዲት ፊደል መጥፋት ወይም መጨመር አንዱን ክኒን አራት ያደርገዋልና። የስፓኒሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች በሚበዙበት በኒው ዮርክ ብሮንክስ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚተረጎሙ የመድኃኒት ጽሑፎች ተመርምረው ውጤቱ በ2002 ዓ.ም. ታትሟል። ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ ስሕተት ነበረባቸው። በመካከል ሳትተረጎም የምትቀረው «ዋንስ» በተለይ አሳሳቢ ናት። በእንግሊዝኛ «ዋንስ» ተብላ የምትነበበው ቃል በስፓኒሽ በዚያው ሆሄያት ተጽፋ «አሥራ አንድ» ማለት ናትና።

ስለ ማንበብና ስለ መረዳት ልዩነት ካነሣሁ አንድ ጥናት ልጨምር። በ1999 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ጥናት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ወይም በሚገባ የሚናገሩ 395 አሜሪካውያን ታካሚዎች «ሁለት ክኒን በቀን ሁለቴ በአፍ ውሰድ» የሚል ጽሑፍ ቀረበላቸው። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከሆነው መካከል 71 ከመቶው ትእዛዙን በትክክል ተናገሩ። «እንግዲያው ለአንድ ቀን የሚሆነውን ቆጥራችሁ አሳዩን» ሲባሉ ግን አራት ክኒን ያወጡት 35 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቃሉን ደግሞ መናገር አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ቆጥሮ ማውጣት ሌላ ነው። ቆየት ብለው የተደረጉ ጥናቶችም «ሁለት ጧት፣ ሁለት ማታ» ተብሎ ሰዓቱ ተለይቶ ሲጻፍ ሰዎች ይበልጥ እንደሚረዱት አሳይተዋል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ችግር አለ። «በቀን» የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው። ሃያ አራቱን ሰዓት በሙሉ ቀን እንላለን፤ ፀሐይ ያለችበትንም ክፍል ብቻ ቀን እንላለን፤ ሌላው ሌሊት ነውና። በዎላይትኛም «ጋላሳ» ሲባል ከ«ቃማ»፣ ማለትም ከሌሊት፣ ተለይቶ ይነገራል። «በቀን ሁለቴ» የተባለች እናት ጧትና ቀትር ሰጥታ ማታውን ብትዘልል ምን ይደንቃል? የሰማችውን ነው ያደረገችው።

የሰዓት አቆጣጠራችንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሁምቦ ቆላና በብላቴ ወንዝ ዳርቻ ወባ የተለመደ በሽታ ነው። አገራችን በ1996 ዓ.ም. ለወባ ሕክምና የመረጠችው ኮአርተም የተባለው መድኃኒት በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጧትና ማታ ነው። አሁን አንዲት እናት የመጀመሪያውን ለልጇ ከቀኑ 10 ሰዓት ሰጠች እንበል። ሁለተኛውን መስጠት ያለባት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ነገር ግን «ከ8 ሰዓት በኋላ» የተባለውን «በ8 ሰዓት» ብላ ሰምታ እስከ ማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ብትጠብቅ 22 ሰዓት ያልፋል። ወባ ደግሞ ይህን ያህል የሚታገሥ በሽታ አይደለም።

ባለሙያዎች በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የሚጽፉት «1 × 3» የሚለው ምልክትም ለለመደው ግልጽ ነው። ላልለመደው ግን አንዱ «ሦስቱን በአንዴ»፣ ሌላው «አንዱን በየሦስት ቀኑ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ምልክቱ ይቅር አልልም፤ በአጠገቡ «ጧት፣ ቀትር፣ ማታ» ተብሎ ይጻፍ እላለሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በበኩሌ የሚከተለውን እመክራለሁ።

አንደኛ፣ መድኃኒት ከሚሰጠን ባለሙያ ፊት ሳንነሣ የሰማነውን በራሳችን ቃል መልሰን እንንገረው። «አንድ ዛሬ ማታ፣ አንድ ነገ ማታ፣ እስኪያልቅ ድረስ፤ እንዲህ ነው አይደል?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በአማርኛ ካልገባን «በዎላይትኛ ንገሩኝ» ማለት መብታችን ነው እንጂ ማስቸገር አይደለም። ከኋላችን ያለው ተሰላፊ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ሁለተኛ፣ ክኒኑን እንቁጠር። ወራችን 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ይመቸናል። 30 ክኒን ተሰጥቶን በየቀኑ አንዴ ከተባለ፣ በመባቻ የተጀመረው በሠላሳ ያልቃል ማለት ነው። 14 ክኒን ተሰጥቶን ሁለቴ ከተባለ ሰባት ቀን፣ ማለትም ከገበያ ቀን እስከ ገበያ ቀን ይደርሳል። ቁጥሩና ቀኑ ካልተስማሙ አንድ ያልገባን ነገር አለና ተመልሰን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ይህ በተለይ ለሠራተኞች እናቶች ነው። ጧት ወደ ሥራ ስንወጣ የታመመ ልጃችንን ለአያቱ ወይም ለሠራተኛችን ትተን «ሁለቴ ስጪው» ብለን እንሄዳለን። ማታ እንመለስና፣ የተሰጠውን ሳንጠይቅ፣ እኛም እንደግመዋለን። አባትየውም መጥቶ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ እንለጥፍ። ማንበብ ለማትችለው አያት ፀሐይና ጨረቃ እንሣልላት፤ የሰጠ ሰው ከሥዕሉ ሥር አንድ ጭረት ያድርግ። ይህ ቀላል ዘዴ ከብዙ ጭቅጭቅና ከከፋ ጉዳት ያድናል።

አራተኛ፣ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሲያነቡልን እናመስግናቸው፤ ኀላፊነቱን ግን በእነርሱ ላይ አንጣለው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የመድኃኒት አስተርጓሚ እንድትሆን አልተማረችም። መምህራንም «ዋንስ»ን ሲያስተምሩ ከተረቱ ጎን የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘው ቢገቡ ትምህርቱ ከክፍል ወደ ቤት ይገባል።

ነፍሰ ጡር ለሆናችሁ እህቶችም ሁለት ቃል ልጨምር። የብረት ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድ፤ ብረቱ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሱታልና። የቡና ሰዓታችንን ጥቂት ማራቅ ነው እንጂ ቡናውን ተዉ ማለቴ አይደለም። ዓይነ ምድር ቢጠቁርም አትደንግጡ፤ ከክኒኑ የተነሣ ነው። ክኒኑን ግን ሕፃናት ከማይደርሱበት ስፍራ አስቀምጡት፤ ለእናት ደም የሚሆነው ብረት ለሕፃን ብዙ ሲሆን መርዝ ነው።

የመድኃኒት ቤትና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶችም ይህን ገጽ ታነባላችሁ። ተራው ረጅም፣ እናንተም ጥቂት መሆናችሁን እናያለን። ሆኖም «ዋንስ ዴይሊ» ብሎ ከማለፍ «በየቀኑ አንድ፣ ማታ ስትተኚ» ማለት የሚጨምረው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ያቺ እናት ሕክምናውን አግኝታ ወደ ቤቷ ሄደች የሚባለው መድኃኒቱን ስለ ያዘች ሳይሆን አወሳሰዱን ስለ ያዘች ነው።

«አሥሬ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» ይባላል። እኛም አንዴ ከመዋጣችን በፊት አሥሬ ብንጠይቅ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ዛሬ ማታ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ መደርደሪያችሁ ላይ ያለውን መድኃኒት አንሡና ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ ደኅና ነው። ካልሰጠ ግን ነገ ጧት ሳይረፍድ ሄዳችሁ ጠይቁ።